ከፊታውራሪ ቀድሞ የተኛው

የኮሶዬው ፊታውራሪ ዳኛው ለራሳቸው ያሠሩት መቃብር ሐሙስ ጠዋት ሲከፈት ሌላ ሰው ተኝቶበት ተገኘ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ይኼኛው ግን ለብዙ መስከረም የሚበቃ ጉድ ነበር። ፊታውራሪ ሰባውን ሲጠጉ፣ "ሰው ቤት የሚሠራው ለሚያድርበት ነው፤ እኔ ደግሞ ከእንግዲህ ብዙ የማድረው እዚያ ነው" ብለው በደብሩ ግቢ ውስጥ የቤተሰብ መቃብር ቤት አስጀመሩ። ግድግዳው ጥርብ ድንጋይ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ በሩ የወይራ ሳንቃ። ከወለሉ ሥር ለአባታቸው፣ በአርበኝነት ጊዜ ለወደቁት ታላቅ ወንድማቸው፣ ለራሳቸውና ለሚስታቸው ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ዙሪያው በድንጋይ ተገንብቶ፣ በየአፉ የድንጋይ ክዳን ተገጥሞበታል። ያን ሐሙስ የአባታቸውና የወንድማቸው የቀኛዝማች ኃይለ ጊዮርጊስ ዐፅም ከአሮጌው መቃብር ፈልሶ ሊገባ አገሩ ሁሉ ተሰብስቧል፤ ጠላው ደርሷል፤ ሰንጋው ተጥሏል።

"እስቲ የእኔንም ቤት ክፈቱልኝና ልየው" አሉ ፊታውራሪ።

ዙሪያው የተመረገው ኖራ ተፈንቅሎ ክዳኑ ሲገፋ በአዲስ ሰሌን የተጠቀለለ ሰው አገኙ።

"ማነው ይኼ ያለ ጥሪ የመጣ እንግዳ?" አሉ ፊታውራሪ። ሰሌኑ ሲገለጥ ግን ቀልዱ ከአፋቸው ላይ ደረቀ። የግንባታው ካቦ ሰጠኝ ነበር። ካለፈው ዓርብ ማታ ወዲህ ያልታየው፣ የበር ማጠፊያ ሊገዛ ጎንደር ወርዷል የተባለው ሰጠኝ፣ ራሱ ከኋላ ተፈርክሶ እዚያ ተኝቷል።

መቶ አለቃ ሀዳነ ከጎንደር በፖሊስ ማኪና ሲደርስ፣ በሕዝቡ ዘንድ ነገሩ አልቆለት ነበር። ገዳዩ ታውቋል፤ ከግቢው ጥድ ጋር በጠፍር ታስሯል። ግንበኛው አለነ ነው፣ ከተራራው ግርጌ ካለው የቤተ እስራኤል መንደር የመጣ ባለ እጅ።

ይኼ ሀዳነ የሚባለው ሰው የአይከል ቄስ ልጅ ነው። አባቱ ድቁና አስተምረውት ነበር፤ እሱ ግን ከድጓው ጠመንጃው በልጦበት ወታደር ቤት ገባ፤ ከዚያም ፖሊስ ሆነ። ሰውነቱ ወፈር፣ ዐይኑ ጨፈን ያለ በመሆኑ፣ ላየው ሁሉ የሚያንቀላፋ ይመስላል። በዚህ የተሳሳቱ ሌቦች እስር ቤቱን ሞልተውታል።

"ምን አይታችሁ አሰራችሁት?" አለ ሀዳነ።

"ቡዳ ነው! በላው!" አለ አንድ ባለ ዱላ ጎረምሳ።

"ቡዳ የበላው ሰው ራሱ ይፈረከሳል እንዴ?"

ከጎረምሳው ኋላ አንድ ሽማግሌ ተቀበሉት። "ጌታው፣ ያን የሚያህል ክዳን አንሥቶ መልሶ በኖራ የሚያትም ከግንበኛ በቀር ማን አለ? ደግሞ ከሰጠኝ ጋር ሲጨቃጨቁ ሰምተናል። እኛስ ወስነናል። ሐኪም አይቶት ሰጠኝ እሑድ ሲቀበር፣ ከቀብሩ መልስ ወርደን መንደራቸውን እናነደዋለን።"

"እሑድ ገና ነው፤ እስከዚያ ዱላችሁን አሳርፉት" አለ ሀዳነ። ደፍሮ ይናገረው እንጂ ልቡ ደንግጧል። ያ ሕዝብ ያለውን እንደሚያደርግ ያውቃል።

ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። የሁለቱ እጆች አውራ ጣቶች በነጭ ክር ተጣምረው ታስረዋል። የእግሮቹም እንዲሁ። ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ነው፤ በትንሣኤ ቀን ሲነሣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን። በአጭሩ፣ ሰውዬው እንደ ሥርዓቱ ተገንዟል። ሀዳነ ብዙ የተገደለ ሰው አይቷል፤ በገደል የተጣለ፣ በወንዝ የተወሰደ፣ ጅብ የጎተተው። ገዳዩ የገነዘው ሬሳ ግን ይኼ የመጀመሪያው ነው።

"የእኛ ልጅ!" እያሉ ያለቅሱ ነበር የፊታውራሪ ታናሽ ወንድም ግራዝማች በላቸው። "በእኛ ቤት ያደገ ልጅ!" ከዚያ ወደ ፊታውራሪ ዞሩ። "ወንድም ጋሼ፣ ይኼ ቤት ደም ነክቶታል። ሙታኑን አናንገላታ። ባሉበት ይረፉ።"

ፊታውራሪ አንገታቸውን ደፉ። "እውነትህን ነው" አሉ።

ሀዳነ ወደ አሮጌው መቃብር ሄዶ አየ። የፊታውራሪ አባት መቃብር እስከ ሣጥኑ ድረስ ተቆፍሮ ተዘጋጅቷል። የቀኛዝማች ኃይለ ጊዮርጊስ መቃብር ግን ሣር ለብሷል።

"ይኼኛው ምነው ሳይቆፈር ቀረ?"

"ሰጠኝ ሳይደርስበት ቀረ እንጂ" አሉ ግራዝማች፣ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ።

ሀዳነ ሣሩን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። ዙሪያው ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ የመቃብሩ ሣር ጠውልጓል። ሬሳውን ሐኪም ይየው ብሎ ጫነው፣ አለነንም ከጥዱ ፈትቶ ማኪናው ውስጥ አስገባና ወደ ጎንደር ወረደ።

*

ጣቢያው ውስጥ አለነ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደ ተሰደበ ሰው ይቆጣ ነበር።

"አያ አለነ፣ ዓርብ ማታ የት ነበርህ?" አለ ሀዳነ። አያ ብሎ የጠራው ሆን ብሎ ነው፤ ሰውዬው ያን ቀን የሰማው ስም ሁሉ ሌላ ነበርና።

"ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቴ ገብቻለሁ። ሰንበት ነው። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ከጸሎት ቤት አልወጣሁም። ጌታው፣ ከእኛ ዘንድ ሬሳ የነካ ሰው ከመንደር ውጭ ሰባት ቀን ለብቻው ነው የሚቀመጥ። እኔ ከሚስቴና ከልጆቼ ጋር ከአንድ መሶብ በልቻለሁ።"

"ምስክሮችህ የመንደርህ ሰዎች ናቸው። ኮሶዬዎች አያምኗቸውም።"

"ኮሶዬዎች እኔን ምን አምነው ያውቃሉ? ድንጋዬን ነው የሚያምኑት።"

"ከሰጠኝ ጋርስ በምን ተጣላችሁ?"

"በኖራ። 'ቶሎ በል፣ ሐሙስ ደረሰ' ይለኛል። ኖራ በትእዛዝ አይደርቅም አልሁት። ሸጋ ልጅ ነበር፤ ሲነግሩት ይገባዋል። ማታውን ታርቀን ነው የተለያየን።" አለነ ጎንበስ ብሎ ድምፁን አወረደ። "ክዳኑ ዙሪያ ያለውን ልጥፍ አይተኸዋል? በጣት ነው እኮ የተመረገ! ሰው ገደልክ ብትለኝ እሟገትሃለሁ፤ ያን ልጥፍ ሠራህ ካልኸኝ ግን በቁሜ ሰደብኸኝ።"

ሀዳነ ሳይወድ በግድ ፈገግ አለ። አለነ ግን አልሳቀም።

"እሑድ ያሉት እውነት ነው?"

"ሁለት ፖሊስ ወደ መንደርህ ልኬያለሁ።"

"ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ሁለት ፖሊስ? ጌታው፣ ልጆቼ እዚያ ናቸው።"

ሀዳነ በመኰንንነቱ ያፈረበት ጊዜ ብዙ አልነበረም፤ ያን ቀን አፈረበት።

*

ዓርብ ጠዋት ወደ ኮሶዬ ተመልሶ ወይዘሮ ሸዋረግን፣ የፊታውራሪን ሚስት፣ አነጋገረ። በሰጠኝ ላይ ቂም የያዘ ማን አለ ብሎ ሲጠይቅ ሁሉም ጣቱን የቀሰረው ወደ እርሳቸው ነበር። በሰው ፊት ዋንጫ ወርውረውበታል አሉ።

"እንዴታ! ወርውሬበታለሁ" አሉ ወይዘሮ ሸዋረግ ሳያፍሩ። "ሳትኩት እንጂ! የእኔን መቃብር ከበሩ ሥር አድርጎት! የመጣ የሄደው ሁሉ ሊረግጠኝ! በሕይወቴ ከጓዳ ሳልወጣ ኖሬ፣ ሞቼ ደግሞ ዘበኛ ልሁን?"

"ያለፈው ዓርብና ቅዳሜ የት ነበሩ?"

"ጎንደር፣ የእኅቴን ልጅ ስድር።"

ሀዳነ ጭንቅላቱን አከከ። እሱም እዚያ ሠርግ ተጠርቶ ነበር። ይኼ የሚያህል እስክስታ የሚመቱ ባልቴት ማናቸው ብሎ አጠገቡ ያለውን ሰው ጠይቆ ነበር፤ እነሆ ዛሬ መልሱን አገኘ። በዚህ በኩል ያለው መንገድ በእልልታ ተዘጋ።

ከዚያ ወደ ሰጠኝ ሚስት ወደ አበቡ ቤት ሄደ። መንደሩ ስለ እርሷም የሚለው አልጠፋም፤ ልጅ እግር ናት፣ መልከ መልካም ናት፣ ስለዚህ ውሽማ አታጣም። ሀዳነ ለዚህ ዓይነቱ ወሬ ትዕግሥት የለውም፤ ቢሆንም እያንዳንዱን ተከታትሎ አየው። ውሽማ ተብሎ ስሙ የተጠራው ሰውዬ ከፋሲካ ጀምሮ እግሩ ተሰብሮ ቤቱ ተኝቷል። ሌላው ስም ደግሞ የአበቡ አጎት ሆኖ ተገኘ።

አበቡ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ፊቷ በልቅሶ ቆስሎ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

"ያለፈው ዓርብ ምን ሲሠራ ዋለ?" አላት ሀዳነ በቀስታ።

"አሮጌውን መቃብር ሲቆፍር። ማታ ሲገባ እጁን ታጠበና እህል አልበላም አለኝ። ምነው? አልሁት። 'አበቡ፣ ለካ ሙትም ይዋሻል' አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ምነው ባልሳቅሁ ኖሮ! ከዚያ ጋቢውን ደርቦ፣ 'አንድ ሰው አነጋግሬ ልምጣ' ብሎ ወጣ። በማግስቱ ጎንደር ወርዷል አሉኝ።"

"ማን አለሽ?"

"ሁሉም ነው ያሉኝ።"

ሀዳነ ያን ወሬ ከቤት ቤት ተከተለው። እረኛው ከሴትየዋ ሰማ፣ ሴትየዋ ከጎረቤቷ፣ ጎረቤቷ ከገበያ። ገበያው ደግሞ ምላስ እንጂ ስም የለውም።

*

ቅዳሜ ሆነ። ሀዳነ በደብሩ አጥር ጥግ ተቀምጦ ቆሎ እያላመጠ አሰበ። አባቱ ሁልጊዜ የሚሉት ነገር ትዝ አለው፤ ክርስቲያን ሲሞት ሦስት ዕዳ አለብን፣ መገነዝ፣ መቅበር፣ መፍታት። ይኼ ገዳይ ገንዟል። ቀብሯል። ታዲያ ጣት ማሰር ያልረሳ ሰው፣ ራስ ወደ ምዕራብ ማድረግ ያልረሳ ሰው፣ ፍትሐቱን ይረሳዋል? ነፍሱ እንድትንከራተት ይተዋታል? አይተዋትም! እንዲህ ያለው ሰው ሬሳውን ይደብቃል እንጂ ነፍሱን መደበቅ አይችልም። ነፍስ ደግሞ ያለ ስም አትፈታም።

ቆሎውን ኪሱ ከተተና ወደ ቄስ ወልደ ዮሐንስ ሄደ። መስቀላቸውን ተሳልሞ ከጎናቸው ተቀመጠ።

"አባቴ፣ ባለፈው ሳምንት ልቅሶ ያልተለቀሰለት ሰው ፈትተዋል?"

የቄሱ ፊት ተኮሳተረ። "ኑዛዜ ልታወጣጣኝ ከሆነ የመጣኸው፣ የቄስ ልጅ መሆንህን ረስተሃል።"

"ኑዛዜ አልጠየቅሁም። ሕዝብ ቆሞ እየሰማ፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያሉትን ነው የጠየቅሁ።"

ቄስ ወልደ ዮሐንስ ጥቂት አሰቡ። እዚህ ላይ ኃጢአት እንደሌለበት ለራሳቸው ካረጋገጡ በኋላ አንገታቸውን ነቀነቁ።

"አንድ አለ። እሑድ ነው የተነገረኝ። 'በአርበኝነት ጊዜ ጓደኛዬ የነበረ ሰው አይከል ሞተ፤ ዘመድ የለውም፤ ይፍቱልኝ' ተባልሁ። ፈታሁት። በየቅዳሴውም አነሣዋለሁ።"

"ስመ ክርስትናው?"

"ወልደኢየሱስ።"

"የነገረዎስ ማነው?"

ቄሱ ነገሩት። ወልደኢየሱስ የሚባል ሰው በአገሩ ሞልቷል፤ በዚህ ብቻ ሰው አይታሰርም። ሀዳነ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ አበቡ ቤት ሄደ።

"እኅቴ፣ የሰጠኝ ስመ ክርስትና ማን ነበር?"

"ነገ ለቀብሩ ለቄሱ የምነግራቸውን? ወልደኢየሱስ።"

"ከአንቺ ሌላ ይኼን ስም ማን ያውቀዋል?"

"እናቱ ሞታለች። ነፍስ አባቱም ዐምና አረፉ። እንግዲህ የቀሩት..." አበቡ ንግግሯን አቋርጣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ክርስትና ያነሡት ናቸው።"

ስማቸውን ስትነግረው፣ ያው ከቄሱ የሰማው ስም ነበር።

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ ግቢ ጢም አለ። ለቀብር የመጣ ሰው ችቦ ምን ያደርግለታል? ብዙዎቹ ግን ችቦ ይዘዋል። ሀዳነ የሰጠኝን ሬሳ አስጭኖ ሲገባ፣ አለነን ከፊት ወንበር አስቀምጦት ነበር። ሕዝቡ አለነን ሲያይ ተንጫጫ።

"ፊታውራሪ፣ ከቀብሩ በፊት አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ" አለ ሀዳነ ጮክ ብሎ። "የቀኛዝማች ኃይለ ጊዮርጊስን መቃብር ላስቆፍር።"

"የጀግና ዐፅም የፖሊስ መጫወቻ አይደለም!" ብለው ግራዝማች በላቸው ከፊቱ ተገተሩ። "በጥይት መካከል ተሸክሜ ያመጣሁት ወንድሜ ነው! በሬሳዬ ላይ ካልሆነ አይነካም!"

ፊታውራሪ ወንድማቸውን ትክ ብለው አዩ። "ምነው በላቸው? ሐሙስ እኮ ልናወጣው ነበር። ይቆፈር።"

ተቆፈረ። አፈሩ ትናንት እንደ ተመለሰ አፈር ልል ነበር። ሣጥኑ ወጣ፤ ክዳኑ ላይ የዲጂኖ ስብራት አለበት። ሀዳነ ሳንቃውን አነሣ። ከውስጥ በበሰበሰ ሸማ የተጠቀለለ የወንዝ ድንጋይ ነበር። አንድ አጥንት እንኳ የለም።

ቄስ ወልደ ዮሐንስ አማተቡ።

"ሰጠኝ በሞተበት ዓርብ ይኼን አየ" አለ ሀዳነ። "አይቶ ለፊታውራሪ አልተናገረም። በመጀመሪያ ክርስትና ያነሣውን፣ እንደ አባት የሚወደውን ሰው ሊያነጋግር ሄደ። ሳይመለስም ቀረ። ያ ሰው ባለፈው እሑድ 'ወልደኢየሱስ ሞቷል፣ ይፍቱልኝ' ብሎ ለቄሱ ነገረ። ሬሳው የተገኘው ግን ሐሙስ ነው። ግራዝማች፣ ወልደኢየሱስ መሞቱን ከሁላችን በፊት እንዴት አወቁ?"

ግራዝማች በላቸው ከሣጥኑ ጎን መሬት ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

"ተሸክሜ አላመጣሁትም" አሉ በመጨረሻ። "ጥይቱ ሲበረታ ጥዬው ሸሸሁ። ስመለስ ወንዝ ዳር ተቀምጬ ሣጥን ሞላሁ። አለቀሳችሁልኝ፣ ግራዝማች አላችሁኝ፤ ከዚያ ወዲያ እንዴት ልናገር? ሣጥኑ እንደ ተዘጋ ይገባልኝ ነበር፤ የዚህ ልጅ ዲጂኖ ክዳኑን ባይሰብረው። እዚሁ ግቢ አገኘኝ። 'ክርስትና አባቴ፣ አንተው ንገራቸው፤ ካልነገርህ ሐሙስ እኔ እነግራቸዋለሁ' አለኝና ሊሄድ ዞረ። በዚያው በዲጂኖው መታሁት። መቃብሩን መልሼ ደፍኜ ሣር አለበስሁት፤ ጎንደር ወርዷል ብዬም እኔ አስወራሁ።"

"ከእኔ መቃብር ምነው ከተትኸው?" አሉ ፊታውራሪ።

"እስክትሞት የሚከፍተው የለም ብዬ።"

"ለምንስ ገነዝኸው?" አለ ሀዳነ።

ግራዝማች ቀና ብለው አዩት። "አንዱን ሳልገንዘው ለአሞራ ትቻለሁ። ሁለተኛውንም እንዴት ልተው? በእነዚህ እጆቼ ከውኃው ያነሣሁት ልጅ ነው።"

ፖሊሶቹ ይዘዋቸው ሲወጡ የተሳደበም፣ ድንጋይ ያነሣም አልነበረም። ሰው ሁሉ የየራሱን እግር ያይ ነበር። ያ ባለ ዱላ ጎረምሳ ችቦውን ከአጥሩ ወዲያ ወረወረው። ሰጠኝ በሥርዓቱ፣ በስሙ ተፈትቶ ተቀበረ፤ አበቡም እስኪወጣላት አለቀሰች።

ከቀብሩ በኋላ ፊታውራሪ ዳኛው በምርኩዛቸው እየተደገፉ ወደ አለነ መጡ። ሀዳነ አጠገባቸው ቆሟል።

"አለነ፣ በድለንሃል። ካሳህን ንገረኝ" አሉ።

"ካሳ አልሻም" አለ አለነ። "ልጆቼ ሦስት ቀን ሙሉ እሳት ሲጠብቁ ሰንብተዋል። አሁን በጠራራ ፀሐይ፣ ይኼ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ በእርስዎ በቅሎ ቤቴ ልግባ።"

"ይሁን። በቅሎዬን አምጡለት! ማን ይሳብልህ?"

"እርስዎ።"

ግቢው ውስጥ አንድ ሰው "ኧረ በሕግ!" አለ። ሀዳነ ዞር ብሎ አየውና ሰውዬው ከሕዝቡ መካከል ተሸሸገ። ፊታውራሪ ዳኛው ከተወለዱ ጀምሮ የሰው በቅሎ ስበው አያውቁም፤ ሲሳብላቸው ነው የኖሩት። ምርኩዛቸውን ለሀዳነ ሰጡት። ልጓሙን ያዙ።

ቁልቁለቱን ቀስ ብለው ወረዱ። በየበሩ የቆመው ሰው ነጠላውን እያስተካከለ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ፤ ለፊታውራሪ ይሁን ለአለነ አልለየም። ሀዳነ ምርኩዙን ይዞ ከኋላ ተከተለ፤ ደስታው ከሆዱ አልፎ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ከመንደሩ መግቢያ ሲደርሱ፣ ባዕድ ሳይታጠብ የማይገባበት መንደር ነውና፣ ፊታውራሪ እንደ ደንቡ ሳይገቡ ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። የአለነ ሚስት ልጆቿን ከኋላዋ ሰብስባ፣ ለመሸሽ የቤቷን ዕቃ በጥቅል አስራ በራሷ ተሸክማ፣ ከመንደሩ ዳር ካለው ገደል አፋፍ ቆማ ነበር። በቅሎዋን አየች፤ በላይዋ ያለውን አየች፤ ልጓሙን የያዙትን ሽማግሌ አየች። ከዚያ ጥቅሉን ከራሷ ላይ አወረደችው።